አደብ የገዛች መኪና

ወንድሜ ዱባይ ውስጥ ለዓመታት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ሲመለስ ዘመድ ሁሉ የጠበቀው ሰፊ ቴሌቪዥን ነበር፤ ቢያንስ አንድ ምንጣፍ። እሱ ይዞ የመጣው መኪና ነው። ያውም ቤተሰብ የማትጭን፣ ዕቃ የማታመላልስ፣ በሯ ሁለት ብቻ የሆነ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አሮጌ ነጭ የአውሮፓ ስፖርት መኪና። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ እንደ አባት የምናየው አጎታችን ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «እንግዲህ ክረምት ሲገባ ጃንጥላ ይዘህ ልትነዳ ነው» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ኮፈኗን ከፈተና ቱርቦው የትኛው እንደሆነ ለአጎታችን ማሳየት ጀመረ። አጎታችን ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የማይገባውን ነገር በትሕትና መስማት የሥራ ልማዱ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ሰማው።

ቱርቦ ምን እንደሆነ እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ እሷ ደግሞ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ትነፋለታለች። ነዳጅ ሲረገጥ ጉልበቱ ወዲያው አይመጣም። ትንሽ ያስጠብቅና ባላሰቡት ሰዓት ከኋላ ገፍትሮ ይወስዳል። ወንድሜ መኪናዋን የሚወዳት ለዚያች ግፊት ሲል ነበር። ሌላው ነገሯ፣ ጣሪያዋም ቀለሟም፣ ለእሱ ትርፍ ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ጣሪያዋና ቀለሟ ሆነ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ የሙሽራ ቬሎ የማከራይበት ሱቅ ነበረኝ፤ ነጭ ነገር ሳይ ሙሽራ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ጣሪያዋ ክፍት የሆነ ነጭ መኪና ደግሞ በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ተፈልጎ አይገኝም። ለወንድሜ «እስክትደላደል ድረስ በሙሽራ መኪናነት ትሥራ» አልኩት። እሺ አለኝ፤ ሌላ ሥራም አልነበረውም። ቬሎ የሚከራይ ሁሉ መኪናዋንም አብሮ መከራየት ጀመረ። ጥር ላይ ሥራው ይደራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኑ ሠርግ ይቆማል፤ ያኔ ደግሞ ሙስሊም ደንበኞቼ እስከ ረመዳን ያኖሩኛል።

የሙሽራ መኪና ሥራ መሄድ ሳይሆን አለመሄድ ነው። ከፊት፣ የኋላ በሩ በተከፈተ መኪና ላይ፣ ቪዲዮ የሚቀርፀው ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ ይቀመጣል፤ መዳፉን ወደ ታች ያወዛውዛል። ቀስ በሉ፣ አሁንም ቀስ በሉ ማለቱ ነው። ከኋላ ሚኒባሶቹ ክላክስ ያስጮኻሉ። ሙሽሮቹ ለቪዲዮው ብለው የኋላው ወንበር መደገፊያ ላይ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ አንደኛው ሚዜ ከሹፌሩ ጎን። በዚያ ላይ ዘመኑ የባቡሩ ሐዲድ የሚሠራበት ስለነበር ከልደታ የሚያስወጣው መንገድ ሁሉ ተቆፍሯል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያቺ መኪና ግን እንቁላል አልነበረችም። ቀስ ስትል ትግላለች፤ ቶሎ ስትል ትዘላለች።

ወንድሜ ለሠርግ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ይመጣል። መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን የቀኝ ጫማውን ያወልቃል። ነዳጁን በካልሲ፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚነካው። ቱርቦው ሊመጣ ሲል ከእግሬ ሥር ይሰማኛል ይል ነበር፤ ልክ ሊመጣ ሲል እግሩን ያነሳል። ሞተሩ እንዳይፈላ ደግሞ በጥር ፀሐይ የመኪናውን ማሞቂያ ይከፍታል፤ ሙቀቱ ወደ ራዲያተሩ ከሚሄድ ወደ እሱ ቢመጣ ይሻላል ብሎ። ሚዜው በላብ ይታጠባል። ወንድሜም በላብ ይታጠባል፣ ግን ፈገግ እንዳለ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ስለሚወጣ።

እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ። አንድ ቀን ከሱቁ በር እስከ ዋናው መንገድ ልወስዳት ብዬ መጀመሪያ ሞተሯ ጠፋብኝ፤ ቀጥላ ዘለለችና የጎረቤቴን የፕላስቲክ ወንበር ጨፈለቀች። ከዚያ በኋላ አልደፈርኳትም። ወንድሜን የሚተካ ሹፌር ፈልገን ነበር፤ የመጡት ግን ከአንድ ሠርግ በላይ አልቆዩም፤ ቁልፉን አስረክበው ሄዱ። ስለዚህ ቢታመምም፣ ቢሰለቸውም፣ ቅዳሜና እሑድ መሪው ላይ ያለው እሱ ነበር።

በጥር አንድ እሑድ ሰንጋ ተራ አካባቢ ዳገት ላይ ሰልፋችን ቆመ። አሸዋ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ነበር። ቬሎ ቢበላሽ ላስተካክል ሁልጊዜ ከኋላ ባለው ሚኒባስ ነው የምሄደው፤ ስለዚህ ሁሉንም አየሁት። መንገዱ ተከፈተ፣ ከኋላ ክላክሱ ጮኸ፣ ወንድሜ ዳገቱን ለመነሳት ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ረገጠ። ቱርቦው መጣ። መኪናዋ ወደ ፊት ስትዘል ሙሽራዋ ወደ ኋላ ተገልብጣ በኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ላይ ተጋደመች፤ ቬሎው ፊቷን ሸፈነው። ሙሽራው እጇን ይዞ ባያስቀራት አስፋልቱ ላይ ነበረች። እሷ እንኳ ስትነሳ እየሳቀች ነበር፤ ወንድሜ ግን ዞሮ ሲያያት ፊቱ አመድ መስሏል።

ቬሎውን ሊመልሱ ሰኞ ዕለት የመጡት የሙሽራዋ እናት ናቸው። አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ቬሎሽ ያምራል፤ መኪናሽ ግን ሰው ትገድላለች። በሠርግ ቀን መገልበጥ ደግሞ ምልኪ ነው» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በሳምንቱ ቬሎ ሊለኩ የመጡ ልጆች «ያቺ የምትዘለው መኪናማ አትሁንብን» ይሉኝ ጀመር።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የመኪና ኮምፒውተር የሚያይ ሰው አለ ብለው የነገሩን ያኔ ነው። የአውቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ወሬ ይወዳል፣ ሙያውን የተማረው የራሱን መኪና አበላሽቶ እንደሆነ ሳንጠይቀው ነገረን። ከመሪው በታች እጁን ሰዶ አንዲት ጠፍጣፋ ሳጥን አወጣና ላፕቶፑ ላይ ሰካት።

«እትዬ፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። «የራዲያተሩ ማራገቢያ ስንት ሙቀት ላይ ይነሳ፣ ቱርቦው ምን ያህል ይግፋ፣ የምታዘው ይቺ ናት። እኔ ደግሞ እሷን አዛታለሁ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። «ጀለሴ፣ ወደ ላይ ብንወስዳትስ?»

«ይቻላል። ግን ቤንዚናችንን ታውቀዋለህ። ብዙ ካስገፋናት ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ታቃጥላለህ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ትንሽ ይቻላል። ትበርልሃለች። ሙሽራ ግን አትጭንባትም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ወይ ደግሞ ወደ ታች እናወርዳታለን። ማራገቢያው ቀደም ብሎ ይነሳል፣ ቱርቦው መኖሩም አይታወቅም። አደብ እናስገዛታለን፣ እትዬ። አንዱን ምረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ሳጥን አልችልም። ካልተስማማችሁ የድሮውን ኮፒ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ እጽፍላችኋለሁ።»

አደብ የሚለውን ቃል ስሰማ ሳቄ መጣ። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የማይነገርበት ቀን አልነበረም፤ የሚነገረው ግን ስለ ወንድሜ ነው። አጎታችን በመጣ ቁጥር «ይህ ልጅ ሚስት አግብቶ አደብ ካልገዛ ይሄዳል» ይለኛል። በየሳምንቱ ሙሽራ የሚነዳ ሰው ራሱ አለማግባቱ ለሰፈሩ ሁሉ ቀልድ ነበር። ይሄዳል የሚለው ግን ቀልድ አልነበረም። የድሮ ጓደኞቹ ሲደውሉ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለ ጅቡቲ መስመር፣ ስለ ተጎታች፣ ስለ ረጅም መንገድ ያወራል።

እኔ እንዳይሄድ እፈልግ ነበር። ከቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ነን። ለሰው ቬሎ ሳለብስ የራሴ ተራ አለፈ፤ ይህ ብዙም አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ማታ ሱቁን ዘግቼ ስገባ ቤቱ ባዶ ሆኖ ማግኘት ነበር። ይህንን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ከእሱ ጋር የማወራው ስለ ሥራ ነው፤ ስንት ሰዓት የውበት ሳሎን እንደርሳለን፣ አበባው ከየት ይመጣል፣ የመሳሰለው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ሲነሳ ሁለታችንም ስለ መኪና የምንከራከር መሰልን።

«ለሙሽራ ሥራው ብለን ሊብሬውን በስምሽ አዙረነዋል» አለኝ ከጋራዡ ስንወጣ። «አንቺ ወስኚ፣ እታለም። ግን መጀመሪያ አንዴ አብረሽኝ ውጪ። ምኗን እንደምትቆርጪ እዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ገና አዲስ ነበር፤ ሰዉ አልለመደውም። ጣሪያዋን ዘጋ። ከመነሳታችን በፊት እግሩን አየሁ፤ ሁለቱንም ጫማ አድርጓል። የክፍያውን በር አልፈን መንገዱ ባዶ ሲሆን «ያዢ» አለኝ። ምኑን እንደምይዝ ሳልጠይቅ ረገጠው።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንድ የፉጨት ድምፅ ከፊት መጣ፣ ጀርባዬም ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። አንገቴን ማዞር አቃተኝ። የመንገዱ ዳር ምሰሶዎች ተያይዘው ሄዱ። ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ተነፈስኩ፤ ወዲያው ሁለተኛው መጣ። ፈራሁ። ማርያምን ጠራሁ፣ እሱንም ሰደብኩት። አልዋሽም፣ ከፍርሃቱ ጋር ደስ ያለኝ ነገርም ነበር፤ ግን ያ ደስታ ለእኔ አንድ ጊዜ በቂ ነበር። ለእሱ እንዳልሆነ ፊቱን ሳየው ገባኝ። ከዱባይ ከመጣ ጀምሮ ዘና ብሎ ያየሁት ያን ጠዋት ነው።

ፍጥነቱን ቀንሶ በቀኝ በኩል ቀስ ብለን መሄድ ስንጀምር «ሠርግ ላይ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ይህንን ነው የምይዝልሽ። ቀኑን ሙሉ።»

«አንድ ቀን ደግሞ ያመልጥሃል» አልኩት። «አምልጦህም አይተናል።»

«አውቃለሁ» አለ። «እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

ዱከም ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን።

ስወስን ብዙ አላመነታሁም። ወደ ላይ እናውጣት የሚለው ከመጀመሪያውም አልታየኝም። እንዳለች ትቆይ ብል ደግሞ የሚቀጥለው ዳገት ላይ ሙሽራው እጅ ባይዝስ? በዚያ ላይ እሱ በየሳምንቱ በሱፍ እየተቀቀለ፣ በአውራ ጣቱ እየነዳ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ እስከ መቼ? ነገሩ ቢቀልለት ይቆያል ብዬ አሰብኩ። አንዳንድ እሑድ ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ያርፋል፤ እንደ ሰው ሠርግ ተጠርቶ ይሄዳል፤ ምናልባት እዚያ አንዷን ያያል። ካልሆነም የድሮው ኮፒ ይመለሳል ብሎ ባለሙያው ነግሮናል። ለወንድሜ «ወደ ታች ትውረድ» አልኩት። እሺ አለ። ይከራከረኛል ብዬ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ አፌ ላይ ቀረ።

ሥራው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ወንድሜ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ነበር። ባለሙያው ሳጥኗን ቦታዋ መልሶ ቁልፉን ሲዘረጋለት ወንድሜ «አንተው ሞክራት» አለው። ሰውዬው በጠባቡ መንገድ፣ በሰዉና በሚኒባሱ መሀል ወሰዳት፤ ተመለሰ። በደስታ እጁን እያጨበጨበ «እትዬ፣ ጀማሪ ሳይቀር ይነዳታል!» አለኝ። ማታ አጎታችን መጥቶ ሲሰማ ወደ ወንድሜ ዞሮ «እሷስ አደብ ገዛች፤ አንተስ?» አለው። ወንድሜ ያን ጊዜ ሳቀ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲጀመር የሆነው ሁሉ እንደተመኘሁት ነው። ማራገቢያው ገና ሞተሩ ሳይግል ይነሳል፣ ማሞቂያ የሚከፍት የለም፣ ሚዜው አያልበውም። ቪዲዮ ቀራጩ አውራ ጣቱን ያሳየናል። ዳገት ላይ ቆመው ሲነሱ ሙሽሮቹ አይነቃነቁም። እኔ ከኋላ ሆኜ ደስ አለኝ፤ በግልጽ ደስ አለኝ። ወንድሜ ሁለቱንም ጫማውን እንዳደረገ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ ይነዳ ነበር። የሱቆቹን ማስታወቂያ ያነባል። አንዳንዴ ቪዲዮ ቀራጩ ፈገግ በል ብሎ ይጮህበታል፤ ፈገግ ማለቱን ረስቶ ነው። እኔ ይህን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩለት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ሱቅ መጣ። የአንድ ቬሎ ጫፍ እየሰፋሁ ነበር። ቁልፉን ከፊቴ አስቀመጠው።

«እታለም፣ ከጓደኛዬ ጋር የጅቡቲ መስመር ልጀምር ነው። ተጎታች።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። ልለው የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «እሑድ ሠርግ አለን እኮ» የሚል ነው።

«አንቺ ትነጃታለሽ።»

«እኔ? ያቺን መኪና?»

«ያቺ መኪናማ የለችም። ይቺን ማንም ይነዳታል» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ እስከ ዛሬ የቆየሁት ሌላ የሚነዳት ስለጠፋ ነው። ጥዬሽ ብሄድ ሥራሽ ይቆማል ብዬ። አሁን አይቆምም።»

ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በባለሙያው ወይም በራሴ፣ ለይቼ አላውቀውም። «ኮፒው አለ እኮ» አልኩት። «ዛሬውኑ ሄደን እናስመልሳት። እንደ ድሮዋ ትሁን።»

ቬሎውን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ለሙሽሮቹ ይቺ ትሻላለች» አለኝ። ልክ ነበር። ትከሻዬን ሳመኝና ወጣ።

እሑድ ሙሽሮቹን የጫንኩት እኔ ነኝ። መንገዱ እንደ ወትሮው ተቆፍሯል። ቪዲዮ ቀራጩ መዳፉን ወደ ታች ያወዛውዛል፣ ከኋላ ክላክሱ ይጮኻል። ዳገቱ ላይ አስቆሙኝ፤ ስነሳ አልጠፋችም፣ አልዘለለችም። ሙሽራዋ ከኋላዬ ጎንበስ አለችና «ስታምሪ! እንዴት ያለሽ ጎበዝ ሹፌር ነሽ» አለችኝ።

አመሰገንኳት።